ስድሳ አራት ቁራጭ ነጠላ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካናዳ፣ ስካርቦሮ ባለው ቤታችን የነበርነው ሰባት ሰዎች ነን። አባቴ ሃምሳ አለቃ ወርቁ፤ እናቴ አልማዝ፤ ታናሽ እህቴ ሶስና፤ ከአባቴ ጋር በአንድ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ያገለገሉት ጋሽ ተካልኝ፤ ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ሙላት፤ ከከተማው ምዕራብ ጫፍ ከሎንግ ብራንች በባቡርና በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዘው የሚመጡት ካናዳዊው ሽማግሌ ሚስተር ዋልተር፤ ሰባተኛው እኔ ነኝ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሰባታችን ሁለቱ፣ አባቴና ሚስተር ዋልተር፣ ዛሬ የሉም። የቀራችሁትን ስማችሁን አስቀድሜ የጻፍኩት መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር ስላለኝ ነው።

አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፈ በኋላ ቤዝመንቱን፣ የቤታችንን ምድር ቤት፣ ማጽዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ከማሞቂያው ጀርባ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ሥር፣ አንድ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ክዳኑ ዝጎ ስለተጣበቀ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ከፈትኩት፤ ከፍቼው ሳልጨርስ ሽታው ወጣ። የመሣሪያ ማጽጃ ዘይት ሽታ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የበሰበሰ ሙዝ ይመስላል፣ ቀጥሎ ናፍጣ፣ በመጨረሻ ጉሮሮ ላይ የሚቀር የብረት ጣዕም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ውስጥ ዘይት ጠጥተው የጠቆሩ ዘጠኝ የጨርቅ ቁራጮች ነበሩ። ማስመሪያ ማምጣት አላስፈለገኝም። እያንዳንዳቸው ሃያ ሴንቲሜትር በሃያ ሴንቲሜትር ናቸው፤ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ።

አባቴ ያረጁ አጫጭር አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ይሰበስብ ነበር። ሌሎች አባቶች ቤዝመንታቸውን ያከራያሉ፣ ወይም ቢራና ቴሌቪዥን ያስገቡበታል፤ የእኛ ቤዝመንት ውስጥ ግን አራት መሣሪያዎች በአረንጓዴ ከፋይ ላይ ተጋድመው ይኖሩ ነበር፣ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ቀንና ሌሊት እያንጎራጎረላቸው፣ በበጋ እኛ ላይ ፎቅ በሙቀት ስንቀቀል እነሱ በነፋሻ አየር። ሁሉም የሞቱ ነበሩ። አፈሙዛቸው በብረት ተደፍኗል፣ የውስጥ አካላቸው ተበይዷል፣ አንዲት ጥይት እንኳ ሊተፉ አይችሉም፤ በሕጉ ፊት ከመጥበሻ የተለዩ አልነበሩም። አባቴ ግን በየሳምንቱ ያጸዳቸዋል። የሞተ ሰው ጥርስ እንደመቦረሽ ያለ ሥራ እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን ከትምህርትም ከእግር ኳስም የበለጠ የምወደው ነገር እሱ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን ይቀፈኛል።

የመጀመሪያው፣ ስተኑ፣ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ በምሳ ሰዓቱ በያይዶ የሄደ የሚመስል ነገር ነው። የተሠራው እዚሁ፣ ሎንግ ብራንች በነበረው የጦርነት ጊዜ ፋብሪካ ነው፤ የሚስተር ዋልተር እናት ወጣት ሳሉ እዚያ ስለሠሩ ሽማግሌው በመጡ ቁጥር ስተኑን አንስተው የተቀረጸውን የፋብሪካ ስም በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል። አውራ ጣታቸውን አስቀድመው በምላሳቸው ያርሱት ነበር። ሁለተኛው ቶምሰን ነው፤ የእንጨት እጀታው ስለሚያምር ጋሽ ሙላት ደረታቸው ላይ አስደግፈው ፎቶ ይነሱበታል፤ ፎቶውንም ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ሁሉ ያሳያሉ። ሦስተኛው የጣሊያን ቤሬታ። አራተኛው ኡዚ ነበር፤ አባቴ ስሙን አይጠራም፣ «ይቺ አጭሯ» ነው የሚላት፣ ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ እንግዶች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ይወርዳሉ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ኦቾሎኒና አንድ ሳህን ዘይት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ጣቶቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኦቾሎኒው ያብለጨልጫል፤ እነሱም ይበሉታል። አባቴ የብረቱ ስንጥቅ ውስጥ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ገብቶ ጥቁር ነገር ሲያወጣ ሁሉም ጎንበስ ብለው ያዩታል፣ እንደ ሐኪም።

ጋሽ ተካልኝ ስለ ጥገና ሲያስረዱ ማንም አያቋርጣቸውም፣ ከጋሽ ሙላት በቀር።

«አንተ እንኳን መሣሪያ የሚስትህን ብሌንደር ጠግነህ አታውቅም።»

«አንተ መጀመሪያ ፓርክ ማድረግ ተማር። የእሳት አደጋ ቧንቧ ላይ የቆመች ታክሲ ሳይ የማን እንደሆነች ሳልጠይቅ ነው የማውቀው።»

ሚስተር ዋልተር ቃሉ ባይገባቸውም ይስቃሉ፤ ከዚያ የሚያውቁትን ብቸኛ አማርኛ፣ «በጣም ጥሩ»ን፣ ይጨምራሉ። እኔም እስቅ ነበር። ያ ሳቅ ናፍቆኝ ያውቃል፤ የሚያስጠላኝም አንዱ ነገር ይኸው ነው።

እናቴ ወደ ቤዝመንት ወርዳ አታውቅም። ልብስ ማጠቢያው እንኳ ታች ስለነበር ልብሱን ደረጃው ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ አወርደዋለሁ፣ እኔ አጥባለሁ፣ እኔ አወጣዋለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ይመስለኝ ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሙሉ ቀን ቆማ ስለምትሠራ ጉልበቷ እውነትም ያማት ነበርና ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም። አባቴ ዘይት በነካው እጁ የያዘውን ጋቢ ግን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በረንዳ ላይ ስታሰጣው አይ ነበር።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ። አባቴ የሚያጸዳው በአሮጌ ካናቴራ ነበር፤ ካናቴራ ደግሞ ብናኝ ይተዋል፤ ብናኝ እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበት ዝገት ያመጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት አነበብኩት። አንዱ መጽሐፍ ምርጡ ጨርቅ በእጅ የተፈተለ ያረጀ ጥጥ ነው ይላል። ቤታችን ውስጥ በእጅ የተፈተለ ያረጀ ጥጥ የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። እናቴ በቁም ሣጥኗ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነጠላዎች አሏት። አዲሶቹን አልነካሁም፤ ጠንቃቃ ነበርኩ። ከሁሉም ሥር በወረቀት የተጠቀለለ፣ የሳሳ፣ ቢጫ የመሰለ አንድ ነጠላ አገኘሁ፤ አንደኛው ጫፉ ላይ ሰፊ ቡናማ ነገር ደርቆበታል። ቡና የተደፋበት መሰለኝ። የተበላሸ ስለሆነ አታስፈልገውም ብዬ ደመደምኩ።

ቆሻሻ ጨርቅ መሣሪያ እንደማይነካ አንብቤ ስለነበር መጀመሪያ አጠብኩት፤ በሙቅ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ። እድፉ አልለቀቀም፤ ቀጭን ሻይ መስሎ ቀረ። ጥለቱን ቆርጬ ለሶስና ፀጉር ማሰሪያ ሰጠኋት። ከዚያ እድፍ ካለበት ጫፍ ጀምሬ፣ በእርሳስ አስምሬ፣ ስምንት ረድፍ በስምንት ረድፍ፣ ስድሳ አራት እኩል ቁራጮች አወጣሁ። ዛሬም ድረስ በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ አድርጌ የቆረጥኩት ነገር የለም።

ቅዳሜ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አባቴ አንዱን አንስቶ በብርሃን አየው፤ በጣቶቹ መሃል አሸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አየህ ሙላት፣ ባለሙያ ማለት ይሄ ነው» አለ። ለእያንዳንዳቸው ከቆርቆሮው አደላቸው። ጋሽ ሙላት ሁለቱን ለታክሲያቸው የዘይት መለኪያ ይሆናል ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ሚስተር ዋልተር «በጣም ጥሩ» አሉ። እኔ በደስታ ጆሮዬ ጋለ።

እናቴ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስትመለስ ሶስና ሳሎን ውስጥ ነበረች። ድምፃቸው በማናፈሻው ቱቦ በኩል ታች ይሰማል።

«ሶሲ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ፍሮም ዳውንስቴርስ፣ ከታች። ወንድሜ ሰጠኝ።»

ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁም። የሰማሁት እርምጃ ነው። ደረጃው አሥራ አንድ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ቆመች፤ ከዚያ እስከ ታች ሳትቆም ወረደች፣ የመጦሪያውን ዩኒፎርም እንደለበሰች፣ ጥለቱን በእጇ ይዛ። ወንዶቹ ሁሉ ተነሡ። ጋሽ ተካልኝ «ይቺን አጭሯን» ታቅፈው ቡናማ እድፍ ባለበት ቁራጭ እየወለወሉ ነበር። እናቴ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«ይስጡኝ» አለች።

ጋሽ ተካልኝ ጨዋ ሰው ናቸው። ግራ እጃቸውን ከቀኝ ክንዳቸው ሥር ደግፈው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሰው ነገር እንደሚሰጥ አድርገው ኡዚውን ዘረጉላት።

ያንን ምስል ማጥፋት አልቻልኩም። ዘይቱ ከብረቱ ወርዶ በአንጓቸው ላይ ይሄድ ነበር። እናቴ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«ጨርቁን» አለች። «የአበራ ነው።»

አባቴ ለአፍታ «የምን አበራ?» አለ፤ ወዲያው ትዝ አለውና ፊቱ ተለወጠ። እዚያው ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። «አሮጌ ጨርቅ መስሎን እኮ ነው አልማዝዬ። አዲስ እገዛልሻለሁ፤ ብሉር መንገድ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ውስጥ ሞልቷል።»

እናቴ በጠረጴዛው ዙሪያ እየዞረች ከየእጁ ሰበሰበች፣ ከቆርቆሮው ሰበሰበች፣ ከመሬት ሰበሰበች፤ እኔ ፊት ስትደርስ የያዝኩትን ራሴ ሰጠኋት። ሃምሳ አንድ ሆኑ። ሌሎቹ የት እንዳሉ ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

አበራ ወንድሟ እንደነበር አውቅ ነበር፤ የቀረውን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን አንድ ጠዋት መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ ከበላዩ የቆመው ታጣቂ ያነገተው መሣሪያ ከክንዱ ያጠረ እንደነበር እናቴ አትረሳም። አያቴ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። ማልቀስ ክልክል ነበር። መኪና መጥቶ ሬሳውን ሲወስድ ነጠላውን ወርውረውላቸው ሄዱ። መቃብር የለውም። እናቴ በሱዳን በኩል ስትሰደድ ከልብሷ ሥር ታጥቃ ያወጣችው ያንን ነው፤ ውኃ ሳይነካው፤ እኔ እስከማጥበው ድረስ።

አባቴ መሣሪያዎቹን አልሸጠም። ጓደኞቹ መምጣት ቀነሱ፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ብቻውን ይወርድ ነበር። «እኔ ጠጋኝ ነኝ፣ ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም» ይል ነበር፤ አምነዋለሁ። የጠገናቸው መሣሪያዎች ከክፍሉ ወጥተው በማን ትከሻ ላይ እንደዋሉ ግን ጠይቆ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ አሁን የምጠይቀው የለም። ዘጠኙን ቁራጮች ለምን እንደደበቃቸውም እንዲሁ። አፍሮ ይሁን ጨርቁ ጥሩ ስለሆነ ብቻ፣ አላውቅም፤ ሁለተኛውን ባሰብኩ ቁጥር ሽታው ይመለስብኛል። አራቱን ብረቶች ለፖሊስ አስረክቤያለሁ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ቁራጮቹን መልሳ ትሰፋለች፤ እድፉን እየተከተለች ነው ቦታቸውን የምታገኘው። ዘይቱን ማጠብ አትችልም፤ ዘይቱ ከሄደ የቀረውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ወንድሟ ዛሬ የበሰበሰ ሙዝና ናፍጣ ይሸታል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በማስመሪያ።

ሁለት ጊዜ እንዳጠብኩት ነግሬያት አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበብኩት ለእሷ ነው፤ እዚያ ቦታ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። መርፌዋን ሳታቆም «ያን ቀን ነው ያወቅሁት» አለች። «ሳሙና ሳሙና ይል ነበር እኮ። ከዘይቱ ሥር።»

ዘጠኙ ሲጨመሩ ስድሳ ሆነዋል። አራት ይጎድላሉ። ጋሽ ሙላት፣ ሁለቱ ኪስዎ ገብተው ነበር፤ ያቺ ታክሲ የት ደረሰች? የመቀመጫው ኪስ ውስጥ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይፈልጉልኝ። ጋሽ ተካልኝ፣ ሚስተር ዋልተር ሲወጡ የያዙት ነገር ነበር ወይ? እርስዎ ነዎት ባቡር ጣቢያ ያደረሷቸው፤ ልጃቸው የአባቷን ዕቃ እስካሁን አልጣለችም። ሶስናዬ፣ ጥለቱን ከፀጉርሽ ስትፈታው እማዬ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፣ እኔ ታች ነበርኩ። የቀን ስህተትም ሆነ የሰው ስህተት ካለብኝ አርሙኝ።

ቁራጩን ያገኘ ሰው በወረቀት ጠቅልሎ ይላክልን። ዘይት ይኑረው፣ ይሽተት፣ ግድ የለም። እባካችሁ ብቻ አታጥቡት።