ወደ ላይ የምትወጣው የአባቴ መስመር

አባቴ አዲስ አበባ ሳሉ ስታትስቲክስ ያስተምሩ ነበር። ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ከመጡ በኋላም በቁጥር ላይ ያላቸው እምነት አልቀነሰም። ግራፍ ግን አይወዱም። «ሥዕል ሰው ያስደነግጣል፤ ቁጥር ረጋ ብሎ ይናገራል» ይላሉ።

የደም ምርመራ ውጤታቸው ስልካቸው ላይ ሲገባ የኩላሊቱን ቁጥር ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ሁልጊዜ ላቦራቶሪው ካስቀመጠው ወሰን በታች ነው። «ኖርማል!» ይላሉ። እኔም ተረጋግቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኅቴ ከጎረቤት ከተማ፣ ከአሌክሳንድሪያ መጣች። ፊታቸው እብጥ ማለቱን አይታ ስልካቸውን ተቀበለቻቸውና ውጤቱን በግራፍ ከፈተችው። ያለፉት ምርመራዎች ሁሉ በነጥብ በነጥብ ተደርድረው ታዩ። ከፊተኛው ዝቅ ያለ አንድም ነጥብ የለም።

«አባባ፣ ይቺን መስመር እስቲ ይመልከቷት።»

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። «ይኼማ ማታለያ ነው። ከዜሮ አልጀመረም እኮ! ትንሿን ልዩነት ለጥጦ ዳገት አደረጋት።»

ወረቀትና ማስመሪያ አስመጥተው ከዜሮ ጀምረው ራሳቸው ሣሉት። እውነትም መስመሯ ጋደም አለች። ጋደም ብላም ግን ትወጣለች። እርሳሳቸው የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ቆመ። ቀጣዩ የት እንደሚያርፍ ባዶው ወረቀት ላይ ለሦስታችንም ይታየን ነበር።

«ወሰኑን እኮ አላለፈም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እስካሁን» አለች እኅቴ።

በማግስቱ ሐኪማቸው ጋ ደውዬ አፖይንትመንት ያዝኩላቸው። ሐኪሟ ቁጥሩንም መስመሩንም እያፈራረቀች አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠጋች፤ መጠጋቷን አልወደድኩትም። የተናገረችውን ተረጎምኩላቸው፦ ወሰኑ ለሰው ሁሉ የወጣ ነው፤ የእርሳቸው መነሻ ግን በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ቁጥሩ ወሰኑን ሳያልፍ ኩላሊታቸው ብዙ ተጎድቷል። አባቴ አንገታቸውን ነቀነቁ። ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ ትክክል ሆኖ ሲያገኙት እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

መድኃኒቱ ነገሩን ቢያዘገየውም አላቆመውም። ወሰኑም ታለፈ። አሁን ስለ ኩላሊት እጥበት ማሽን እየተነገረን ነው፤ እኅቴም እርሷ ቤት አጠገብ እጥበት የሚሰጥ ቦታ እያፈላለገች ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ውጤት ገባ። አባቴ ስልኩን ሳይከፍቱ ሰጡኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አንተ እየው። ቁጥሩንም ሥዕሉንም አትንገረኝ።»

ከፈትኩት። መስመሯ የስክሪኑን የላይኛውን ጠርዝ ልትነካ ተቃርባለች።

«ሻይ ላፍላልዎት?» አልኳቸው።