ወጥመዱን ከልጁ ማንሳት

ኦታካር ቭርቢክ የሠራውን መሣሪያ በቼክ አገሯ ከተማ በብርኖ ያልነካ ፕሮግራመር ጥቂት ነው፤ ሰውየውን ራሱን የሚያውቁት ግን ከቢሮው አያልፉም። መሣሪያው የታመመ ፕሮግራም ሲሠራ ይቀርጽና ወደ ኋላ እያስኬደ ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ ያሳያል። ኦታካር ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ያለ ክፍያ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ደክሞበታል። ሚስቱ ሄለና ጥላው ከመሄዷ በፊት «አንተ እኮ ወደ ፊት መሄድ ረስተሃል» ትለው ነበር። እሱም ይስቅ ነበር፤ ቀልድ መስሎት።

መሣሪያው ግን አንድ ክፉ አመል ነበረበት። ፕሮግራሙን በፈለጉት ቦታ ለማቆም ማቆሚያ ይተክላል፤ ወጥመድ በሉት። ፕሮግራሙ ወጥመዱን ሲረግጥ መሣሪያው ደርሶ ይይዘዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም ታዲያ መንገድ ላይ ሳለ እሱኑ የሚመስል ሌላ ፕሮግራም ይወልዳል። ልጁ የእናቱን ቤት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የምትሠራበትን ቦታ፣ ከነዕቃው ገልብጦ ይወጣል፤ ወጥመዱም አብሮ ይገለበጣል። ልጁን የሚጠብቅ ስለሌለ በገዛ ቤቱ የእናቱን ወጥመድ ይረግጥና እዚያው ይሞታል።

ከጎኑ ያለው ጠረጴዛ የብሮኒስላቫ ነው። ቢሯቸው በነፃ በሚያድለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የትኛው መሣሪያ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት።

«እስከ ዐርብ ቀትር ካልተስተካከለ ከአዲሱ የሥርዓቱ እትም ይወጣል» አለችው።

«አንድ ሳምንት ዝም ብትዪ ምን አለበት፣ ብሮኛ?»

«ባለፈው ዝም አልኩልህ። ከዚያ በፊትም ዝም አልኩልህ። አሁን ዝም ብል እኔንም ካንተ ጋር አብረው ነው የሚያወጡኝ።»

ከእትሙ የወጣን መሣሪያ ፈልጎ የሚያመጣ የለም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ዐርብ የኦታካር የስሙ ቀን ነበር፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ለስሙ የተመደበው በዓል። በነሱ አገር የስሙ ቀን የደረሰ ሰው አይጋበዝም፤ ይጋብዛል። ጠዋት ከሱቁ ትሪ ሙሉ አስጭኖ መጣ፤ ቁራጭ ዳቦ ላይ የድንች ሰላጣ፣ የአሳማ ሥጋ፣ እንቁላልና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር። ትሪውን የቢሮው ወጥ ቤት አኖረና ሥራው ላይ ተቀመጠ። መላው ተገኝቶለት ነበር፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር መሣሪያው ቀድሞ ወጥመዱን ሁሉ ከልጁ ቤት ያንሣ። ጻፈው፤ አስኬደው። ልጁ ኖረ። ወደ ኋላ እስከ ልደቱ መለሰውና እንደገና ወደ ፊት ሰደደው፤ አሁንም ኖረ።

ሙሉው ፈተና ግማሽ ቀን ይፈጃል። እሱ ጥቂቱን ብቻ አስኬደ።

«ኦታ! እንቁላሉ እየደረቀ ነው!» ይሉታል ባልደረቦቹ ከወጥ ቤት። «ባለ ድግሱ የት ገባ? በልተን እንጨርስብህ?»

ማስተካከያውን ለብሮኒስላቫም ለተጠቃሚዎቹም ላከና ተነሣ።

«እንኳን አደረሰህ፣ ኢንጂነር!» አለች ብሮኒስላቫ ቁራሿን ከፍ አድርጋ። «ልጁስ በሕይወት አለ?»

«አለ። በዓይኔ አየሁት።»

«ተመስገን። እንግዲህ ዛሬ አልገድልህም።»

ተሳሳቁ። እኛ የቢሮው ባልደረቦቹ ካወቅነው ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ከልቡ ሲስቅ አይተነው አናውቅም።

ቀትር ሳይሆን ከዝዲስላቫ መልእክት ደረሰው። ኦሎሞውክ ከተማ ውስጥ የአየር ትንበያ ፕሮግራም የምትሠራ፣ የመሣሪያው የቆየች ደንበኛ ናት። «ኦታ፣ ልጁ አልሞተም፤ እጅህ ይባረክ። አሁን ግን እናቲቱ የትም አትቆምም። ወጥመዶቼ ሁሉ ጠፍተዋል። ወደ ኋላ ብመልሳትም ዝም ብላ ታልፋለች።»

አንብቦ ሳይጨርስ ገባው። ቤት የማይገለብጥ ልጅ አለ፤ የራሱን ሥራ እስኪይዝ እናቱ ቤት በጥገኝነት የሚቆይ። ከሱ ቤት ወጥመድ ማንሣት ከእናቱ ቤት ማንሣት ነው። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ለስንቱ ጀማሪ አስተምሯል፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ።

መልእክቱን ለብሮኒስላቫ አሳያት። ጣቷን በወረቀት ጠረገችና ቀስ ብላ አነበበች።

«ይሄ ከበፊቱ ይብሳል» አለች። «በፊት ሲሞት ይታይ ነበር። አሁን ደኅና መስሎ ይዋሻል።»

«ሁለት መስመር ነው፣ ብሮኛ። ቤቱ የጋራ ከሆነ አትንካ ማለት ብቻ ነው።»

«ጠዋትም እንዲሁ ቀላል ነበር። ሙሉውን ፈተና ለምን አላስኬድክም?»

እንቁላሉ እየደረቀ ነው ብለው ጠሩኝ ይበላት?

«በል እንጂ፣ ተናገር። ስደበኝ እንኳ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «መሣሪያህን የሚያወጣውን ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ እኮ።»

«ተጫኚው» አላት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተጫነችው። ድምፅ እንኳ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን መስመር ጻፈ። ሙሉውን ፈተና አስኬደና ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ሰዉ አንድ በአንድ ኮቱን እየለበሰ ሲወጣ ፈተናው ሁሉ ተሳካ፤ እናቲቱም ልጁም አለፉ። ለዝዲስላቫ ላከላት።

«አመሰግናለሁ፣ ኦታ» ብላ መለሰች። «ግን አለቃዬ ከሰኞ ጀምሮ በሌላ መሣሪያ እንድንሠራ ወስኗል። ከእትሙ የወጣ ነገር አንጭንም ብሏል። ይቅርታ።»

ወጥ ቤት ገባ። ትሪው ላይ አንዲት ቁራሽ ቀርታለች፤ ብሮኒስላቫ በወረቀት ሸፍናለታለች። እንቁላሉ ደርቆ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ቆሞ በላት። ከዚያ ትሪው ለሱቁ የሚመለስ ነውና እጅጌውን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ።