የእንፍራንዙ ሰው መቃብር

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ዳር በሰልፍና በመፈክር ትናጥ በነበረበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የነበረው አባቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደቅ ደሴት አጎቱ ዘንድ ይልከኝ ነበር። አጎቱ የደብሩን ልጆች ፊደል ያስቆጥሩ ስለ ነበር ሁላችንም የምንጠራቸው የኔታ እያልን ነው። አመሻሽ ላይ፣ እርጥቡ እንጨት እያጨሰ ዓይናችንን ሲያስነባን፣ ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሱ ያወጉናል። ያኔ ጋዝ እንደ ልብ ስለማይገኝ ኩራዟ የምትበራው እራት ሲቀርብ ብቻ ነበር።

የኔታ የሚያወጉን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መቃብሮች ነበር። በጣሊያን ጊዜ የቆሰሉ አርበኞች በታንኳ ወደ ደሴቱ ይሻገሩ ነበር፤ ያልዳኑት እዚያው ተቀብረዋል። በግቢው ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ የድንጋይ ክምር የኔታ አንድ ጀግና ነበራቸው። አንዱ ጥይት ሲያልቅበት በሰደፍ የተዋጋ፣ አንዱ ቁስሉ ሲታጠብ ያቅራራ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ከወይራው ሥር ያለውን የእንፍራንዙን ሰው ነበር፤ ሊሞት ሲል «ፊቴን ወዳገሬ አዙሩኝ» ያለውን። ዋና አልችል፣ ታንኳ አልቀዝፍ፤ የደሴቱ ልጆች በከተሜነቴ ሲስቁብኝ የምመካው መቃብሮቹን አንድ በአንድ በማወቄ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠና ያሉ ሴት ጎልማሳ ልጃቸውን አስከትለው ከታንኳ ወረዱ። የመጡት ከእንፍራንዝ ነው። በዚያ ጦርነት ቆስሎ ወደ ደቅ ተሻገረ የተባለውን ወንድማቸውን አጽም አፍልሰው ከአባታቸው ጎን ሊያሳርፉት ነበር። መጠቅለያ አዲስ አቡጀዲ ይዘዋል፤ አገራቸው ላይ ተዝካሩ ተደግሷል። እኔ ማንም ሳይጠራኝ ዘልዬ እጃቸውን ያዝሁና ወይራው ሥር አደረስኋቸው፤ የመጨረሻ ቃሉንም ሳይቀር ነገርኋቸው። ሴትዮዋ ክምሩ ላይ ተደፉ። ልጃቸው ዶማውን አነሣ።

«ተው ልጄ፣ አትቆፍር!» የኔታ ከደጀ ሰላሙ በኩል እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። «እዚህ ያለው ማን እንደ ሆነ አላውቅም።»

ድንጋዮቹን ከብዙ ዓመት በኋላ በግምት የከመሩት ራሳቸው እንደ ሆኑ፣ በአንድ ጉድጓድ ሁለትም ሦስትም ሰው እንደ ተቀበረ፣ ወጉንም ሙታኑ እንዳይረሱ ብለው እንደ ፈጠሩት በልጆቹ ሁሉ ፊት ተናገሩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ለየኔታም አፈርሁ፣ ለራሴም። በሰው ኀዘን ላይ ተረት ሳወራ ነበርና።

«ከእንፍራንዝ የመጣስ ነበረ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ነበረ። የተኛውም እኛ ቤት ነው። ጎረምሳ ነበርሁ፤ አስታማሚውም እኔ። እንግዳን እህል ሳይቀምስ ስሙን መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይቅመስና እጠይቀዋለሁ ስል፣ እህል አልወርድለት ብሎ ዐረፈ።»

«ሳይቀምስ...» አሉ ሴትዮዋ።

በስንት ልመና ቤት ገቡ። መሶብ ቀረበ፤ የኔታ ራሳቸው ቆመው አስታጠቡ። ሴትዮዋ የታጠበ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«መጀመሪያ ስሜን ይጠይቁኝ» አሉ።

የኔታ ማስታጠቢያውን እንደ ያዙ አቀርቅረው፣ «ስምዎ ማን ነው?» አሉ።

«ወርቅነህ» አሉ ሴትዮዋ። የራሳቸውን ስም አልነገሩንም። «የክርስትና ስሙም ወልደ ሚካኤል ነው። ቢያንስ በጸሎት ያስቡት።» ከዚያ ቆረሱ።

አቡጀዲው እንደ ተጣጠፈ ተመለሰ። የኔታም ከዚያ ወዲያ ስለ መቃብሮቹ አላወጉንም፤ እኛም አውጉን ለማለት አልደፈርንም። ዛሬ ልጆቼ የዚያን ዘመን ጀግኖች ታሪክ ንገሪን ሲሉኝ ክምሩ ላይ የተደፉት ሴት ይመጡብኛል፤ ፊቴም ይግላል። ያ ሰው ወርቅነህ ይሁን ሌላ፣ በሰው ቤት እህል ሳይቀምስ፣ ስሙን የሚጠይቀው ሳያገኝ መሞቱን ብቻ ነው የማውቀው። ከዚህ ላይ አንዲት ቃል ልጨምር ብል አፌ እንቢ ይለኛል።