ምድጃው አናት ላይ ያስቀመጥኩት ባትሪ

ከጂንካ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ ቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ በሚሄድ ሎሪ ላይ ነው። «ሌሊት የሚወጣ ይጠረጠራል» ብላ እናቴ ናት የመከረችኝ። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ፈልጎኝ ነበር። ኬላው ላይ ፈታሹ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ ወይኔ! «ለገበያ ነው» አልኩት። እግዜር አሳለፈኝ። ኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው ከዱስ መንደር ወዲያ በእግሬ ኬንያ ገባሁ፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ረድተውኝ እንግሊዝ።

እዚህ ወገኖቼ፣ ፀሐይ አለች ለማለት ያህል ናት። ድንቹ እንደ ጎደሬያችን ጉሮሮ አይሞላም፤ ጎረቤት ሰላም ስትለው ይደነግጣል። ሥራ ያገኘሁት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ነው፤ እየተሞላ የሚሠራ ባትሪ የሚሞከርበት። ውስጡ ካቶድ የሚሉት ጥቁር ዱቄት አለ። ባትሪው ሲሞላ ሊትየም የሚሉት ማዕድን ከዱቄቱ ይወጣል፣ ሲሠራ ይመለሳል። ብዙ ከወጣ ግን ዱቄቱ ምሰሶው እንደተነቀለ ጎጆ ይፈርሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው! እንዳይፈርስ ማጠንከር ነበር ጭንቃችን።

አንድ ቀን አንዱ ባትሪ ደከመ። እኛ ጂንካ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አናሰጣም? ፀሐይ ስለሌለች የዱቄት ማድረቂያው ምድጃ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ዷ! አለ። ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ እኔ ጠረጴዛ ሥር ነኝ፣ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ።

«ማነው ያሞቀው?» አለች አለቃዬ፣ ዶክተሯ።

«እኔ ነኝ። ደክሞ ነበር፣ እንዲበረታ ብዬ…»

«እንዲበረታ?»

«ባገሬ እንደዚህ ነው የምናደርገው።»

«ለመሆኑ ባገርህ የተረፈ ሰው አለ?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እሷ ምን ታውቃለች!

የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም፤ ለኢሚግሬሽን ስለ ጠባዬ የምትመሰክረው ደግሞ እሷው ናት። እንቅልፍ አጣሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊመልሱኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ተጠራሁ።

«ምን ትሠራለህ?» አለኝ የኢሚግሬሽኑ ሹም።

«ባትሪ እንዳይፈነዳ እናጠነክራለን።»

«ይሳካላችኋል?»

«አንዳንዴ፣ ጌታዬ።»

ፈገግም ሳይል ማኅተሙን መታው። ዶክተሯ ስለ ፍንዳታው ትንፍሽ አላለችም ነበር፤ ዕድሜ ይስጣት።

እናቴን በቀጠሮ ጂንካ ቴሌ አስጠራኋት። የሚያዳምጥ አይጠፋምና ስሜን እንዳትጠራ በሰው ልኬባታለሁ።

«እማ፣ ደስ ይበልሽ! እዚህ እንድኖር ፈቀዱልኝ።»

«እንድትኖር?»

«አዎ! ከእንግዲህ ማንም አይመልሰኝም።»

 ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ቀረሁ በለኛ፣ ልጄ» አለችኝ።

የቴሌው ሠራተኛ መሐል ገብቶ «ጨርሳችኋል?» አለ።