ጎልፍ በዋልካ መሬት

እኛ የጠየቅነው እግር ኳስ ነበር። ስድስት ኳስ፣ አንድ መንፊያ፣ ሁለት መረብ ብዬ በእጄ ጽፌ ለመጠለያው ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣልን ግን የብረት ዱላ የታጨቀበት ረጅም ቦርሳ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ የዶሮ እንቁላል የሚያካክሉ ነጫጭ ኳሶችና በፕላስቲክ የተለበዱ አሥራ ሁለት ፎቶግራፎች ናቸው። ጎልፍ ነው አሉን።

ያኔ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ልጆች አስተምር ነበር። አገሬ ሳለሁ የስፖርት መምህር ስለነበርሁ ጎልፉ እኔ ላይ ወደቀ። ጎልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ገዳሪፍ ከተማ ወስደው ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ብርጭቆ አጋድመው ኳሷን ቀስ አድርገን እንድናስገባ አዘዙን። አስገባሁ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ።

ዋናው ቁም ነገር ፎቶዎቹ ናቸው ተባልን። የታላላቅ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ፎቶ ነው። በጀርባው እያንዳንዱ ሰው ስንት ሰዓት ከእንቅልፉ እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደማይናደድ፣ ሲሸነፍም እንዴት ፈገግ እንደሚል ተጽፏል። ልጆቻችን እነዚህን አርአያ አድርገው እንዲያድጉ ነው ሐሳቡ።

በመጀመሪያው ቀን ፎቶዎቹን ደረደርሁ። ልጆቹ ተጠጋግተው አዩ።

«መምህር፣ ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚያሸንፈው?» አለ አንዱ።

«ራሱን» አልሁ፣ በሥልጠናው እንደተነገረኝ።

«እንግዲያ የተሸነፈውም እሱ ነዋ!»

«ሌሎቹስ ለምን ኳሷን አይቀሙትም?» አለች አንዲት ልጅ።

«አይፈቀድም።»

«ቆመው ያዩታል ብቻ?»

«አዎ።»

«ወይ ግዳቸው!» አለች፣ ከልቧ አዝና።

ይህቺ ልጅ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ፊቷ ቆጣ ያለ፣ ከእናቷ ጋር ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ ቦታ ወርዳ በሰሊጥ አጨዳ ከርማ የተመለሰች። ማሽላ በዱላ ስትወቃ ያደገች ስለሆነች የጎልፉን ዱላ ስትይዝ ማንም አላሳያትም። እኔ ባለ ምስክር ወረቀቱ አሥር ጊዜ ሰንዝሬ አየር ስመታ፣ እሷ በመጀመሪያው ምት ኳሷን ከሽንት ቤቶቹ ማዶ ጣለቻት።

ችግራችን መሬቱ ነው። የገዳሪፍ ዋልካ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሰው ክንድ እስከ ትከሻው ይውጣል። ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍሩ ተብለን ነበር። ማን ይቆፍራል? መሬቱ ራሱ ሺህ ቆፍሮ ጠብቆናል። ኳሷ በየትም በኩል ብትሄድ መጨረሻዋ ስንጥቅ ነው፤ ልጆቹም በየምቱ «ገባች! ገባች!» እያሉ ይጨፍራሉ። በሳምንቱ ኳሱ እየተመናመነ ሲያስቸግረን በየስንጥቁ በረኛ አቆሙ። ከዱላዎቹ ጋር የመጣው የደንብ መጽሐፍ በረኛ አለ አይልም። እኔም የለም አላልሁም።

አንድ አባት መጥቶ ለረጅም ጊዜ ሲያየን ቆየና ጠራኝ።

«መምህር፣ እነዚያ ፎቶ ላይ ያሉት ሰዎች ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ኳስ ይመታሉ።»

«ከዚያስ?»

«ሄደው ይፈልጓታል።»

«ሲያገኟትስ?»

«ደግመው ይመቷታል።»

ፎቶዎቹን መልሶ አየና «ቤተሰብ አላቸው?» አለኝ።

እንዲህ እንዲህ ስንል እውነተኛ ፕሮፌሽናል ሊጎበኘን እንደሚመጣ ተነገረኝ። ለልጆቹ ነገርኋቸው። የመጣው ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ኸዋጃ ነው፤ ፈረንጅን እዚያ እንዲያ ነው የሚሉት። ልጆቹ ፊቱን ከፎቶዎቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የለም።

«ተጠባባቂ ይሆናል» አለች ልጅቱ።

ሰውየው ኳሷን አስቀመጠ፣ እግሩን ከፈት አደረገ፣ ሰነዘረ። ከኳሷ ይልቅ ዱላው የፈነቀለው የአፈር ጓል ርቆ ሄደ። ልጆቹ ለጓሉ አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ሲመታ ግን ሁላችንም አንጋጠጥን። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ከዓይን ጠፋች፤ ከዚያ ወርዳ ሁለት ጊዜ ነጠረችና ስንጥቅ ውስጥ ገባች። እሱም እየሳቀ ሄዶ በዚያ ነጭ ሱሪው ተንበረከከና እጁን ሰደደ።

ጊንጥ አለ ልለው ፈለግሁ። ጊንጥን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት ጠፋብኝ። «ትንሽ እንስሳ! ጅራት ያለው! ክፉ!» ብዬ ስጮህ እጁን አውጥቶ እሱም ጮኸ።

እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ተበተኑ። ልጅቱ ብቻ ከሰውየው ጀርባ ብቅ ያለውን ጊንጥ በጎልፉ ዱላ ጨፍልቃ፣ ሮጣ ሄዳ የውሃ ሻጩን የአህያ ጋሪ አስቆመች። በርሜሉን አወረድንና ፕሮፌሽናሉን ጭነን ወደ ክሊኒኩ ነዳነው። ሰውየው መንገዱን ሙሉ ያለቅሳል። ልጅቱ ደህናውን እጁን ይዛለች።

ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ነርስ እንደኛው ስደተኛ ናት፤ አጭር የትግራይ ሴት። እኛን ተከትለው የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች፣ ሙዲር የምንለው የመጠለያው ኃላፊ፣ ሁለት ወታደሮችና ሬዲዮ የያዘ ሹፌር ገቡ። አንዱ ካርቱም ይወሰድ ይላል፣ ሌላው አውሮፕላን ይጠራ ይላል። ነርሷ ዞር ብላ አየቻቸውና «ውጡ!» አለች። ወጡ። ሙዲሩም ወጣ። ሰውየው አልጋው ላይ ሲንፈራገጥ ደግሞ በትግርኛ «ስቅ በል!» አለችው፣ ዝም በል ማለቷ ነው። ኸዋጃው ትግርኛ አያውቅም፤ ግን ዝም አለ። መርፌውን ወጋችው። ሌሊቱን እዚያው አደረ።

በማግስቱ ይሄዳል ብለን ስንጠብቅ፣ እጁ አብጦ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሜዳው ላይ መጣ። ያን ያህል ልጅ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። በአንድ እጁ መታ። ኳሷ ሦስት እርምጃ ሄደች። ማንም አልሳቀም።

«አመመህ ወይ በለው» አሉኝ። ጠየቅሁት።

«በጣም። እናቴን ስጠራ አልሰማችሁም?» አለ።

ተርጉሜ ስነግራቸው ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ትልልቆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ከሥሩ አልጠፉም። ዱላ አያያዝም በደንብ የተማሩት ያኔ ነው፣ እኔም ጭምር።

ከጥቂት ወራት በኋላ በጀት አለቀ ተባለና ጎልፉ ቆመ። ዱላዎቹ በየቤቱ ተበተኑ፤ አንዱ የበር መወርወሪያ ሆኗል፣ አንዱን አንዲት እናት ውሻ ታባርርበታለች።

ልጅቱን ጎልፍ ናፍቋት እንደሆነ ጠየቅኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ከትምህርት በኋላ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ መዋል ከጀመረች ቆይታ ነበር። መጀመሪያ ትጠርግ ነበር፤ ኋላ ካርድ ታመላልስ ጀመር።

«አየሃት አይደል፣ ሙዲሩን ስታስወጣው?» አለችኝ። ነርሷን ማለቷ ነው።

«አየሁ።»

«እኔም እንደዚያ ነው የምሆነው።»

በቀደም ጥርሴን አሞኝ ጉንጬን ይዤ ክሊኒኩ ሄድሁ። ልጅቱን በሩ ላይ ተራ ስታስይዝ አገኘኋትና የድሮ አስተማሪዋ ነኝና ታሳልፈኛለች ብዬ ፈገግ አልሁላት።

«ተራህን ጠብቅ፣ መምህር» አለች።

ሕፃን ካዘለች ሴትዮ ኋላ ሄጄ ተቀመጥሁ።