በመስታወት በር ላይ ዜና የሚያነቡት ሰው

አቢጋኤል በሆሳዕና ከተማ ለነጋዴዎችና ለማኅበራት ድረ ገጽ የምትሠራበት አንዲት ጠባብ ቢሮ አለቻት። የሥራዋን ዜና በየሳምንቱ አትማ በመስታወት በሯ ላይ ትለጥፋለች፤ ደንበኞቿ ኢንተርኔት ከመክፈት ይልቅ ቆሞ ማንበብ ይቀናቸዋልና። ከአንባቢዎቿ ሁሉ የሚተጉት ስማቸውን የማታውቀው አንድ ሽማግሌ ናቸው። በገበያ ቀን ከሌሞ ገጠር በጋሪ ይመጣሉ፤ የቦቲ ጫማቸውን ጭቃ ደረጃው ላይ ያራግፋሉ፤ ባርኔጣቸውንም አውልቀው ከርዕሱ እስከ ስልክ ቁጥሩ ድረስ ጮክ ብለው ያነባሉ።

ዛሬ «የቆጮ አምራች ሴቶች ማኅበር ድረ ገጽ ተከፈተ» ከሚለው ሲደርሱ ንባባቸውን አቋረጡ። ከዚያም በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ እስቲ አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። በፎቶግራፉ ላይ ሴቶቹ ተደርድረው ይስቃሉ። የሽማግሌው ዓይን ግን ከሴቶቹ ጀርባ ይፈልግ ነበር።

«እንሰቱስ?»

«ሴቶቹ ጎልተው እንዲታዩ ብዬ ቆረጥኩት፣ አባቴ።»

«ቆጮ ከሰማይ የሚወርድ መሰለሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሴቶቹ ፎቶ የተነሡበት ጓሮ የእኔ ነው። ስንተክለው እኔ እቆፍር ነበር፤ ችግኙን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች።»

እሷ ማን እንደሆነች አቢጋኤል አልጠየቀችም። ሙሉውን ፎቶግራፍ መለሰችው፤ አረንጓዴው ቅጠልም የኮምፒውተሩን ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ቀጥላም አንድ መስመር ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች።

ሽማግሌው ወጥተው ባርኔጣቸውን እንደገና አወለቁ፤ መንገድ ላይ ያሉት ባለጋሪዎች ሁሉ ዘወር እስኪሉ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦

«ማሻሻያ፦ እንሰቱ ወደ ቦታው ተመልሷል።»