ከበሮዬና የመቐለ ሰው ዝምታ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ጉሙ የአውቶቡሱን መብራት ውጦታል፤ እኔም ከበሮዬን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ይህን ከበሮ ግንዱን የቦረቦርኩት፣ ቆዳውን ያለፋሁት፣ ጠፍሩን የወጠርኩት እኔ ነኝ። አናጺነቱንም፣ ፊደሉንም፣ ከበሮውንም ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምጽፈው አገር ቤት ያላችሁት እንድታውቁልኝ፣ እንደ እኔ ሰው አገር የገባችሁትም እንዳትሳሳቱ ነው።

«ጋሼ፣ እሱ ጣሪያ ላይ ይጫን» አለኝ ረዳቱ።

«ቆዳውን ብርድ ይመታዋል።»

«እኔንስ አይመታኝም?»

«አንተን የሠራሁህ እኔ አይደለሁማ!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ከበሮው ጭኔ ላይ ሆኖ ሁለት ቀን ተጓዘ። ወንድሜ ሽፈራው መስኮቱን እየመታ «ስድስት ወር ነው ያልከው፣ እንዳትረሳ!» ብሎ ሸኘኝ። የግንባታ ሥራ ነበር የጠራኝ። ስድስት ወሩ ይኸው ከሃያ ዓመት አለፈ።

መቐለ እንደኛ አገር ጉም የለባትም፤ ፀሐይና ነፋስ ናት። በዓይናለም በኩል ቤት ያከራዩኝ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሚስት አለችህ?»

«የለችኝም።»

«ልጅስ?»

«የለኝም።»

«ከበሮ ግን አለህ። ስማኝ ወደይ፣ እሱ ድምፁን ካሰማ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

በመጀመሪያው ጾም ደግሞ እንጀራ ላይ ነጭ ነገር አፍስሰው አቀረቡልኝ። «አደይ፣ በጾም እርጎ?» ብዬ ተቆጣሁ። «ባቄላ ነው! ሕልበት ነው! ዝም ብለህ ብላ» አሉኝ። በላሁ። ዛሬ ሕልበት የሌለበት ጾም ጾም አይመስለኝም።

የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ያኔ ዘጠኝ ወጣቶች ብቻ ነበሩት፤ መሪያቸውም ሥራ ቀይሮ ሄዷል። የደብሩ አለቃ «ከበሮ አለህ አሉ፤ ሰው እስክናገኝ ልጆቹን ያዝልን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አልፈለጉም፤ ለምን ይፈልጋሉ? አግዳሚውን ሠራሁ፣ ሰሌዳውን ሠራሁ። ልጅ ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ በተሰባበረ ትግርኛዬ አባቱን ለምኜ አመጣሁ። መዝሙሩን በአማርኛ እኔው ደረስኩ፤ የከበሮውንም አመታት እንደ አገሬ አስተማርኩ። አዳራሹ ሞልቶ በር ላይ መቆም ጀመሩ።

በየዓመቱ በደብሩ ክብረ በዓል እንዘምራለን። እኛ አገር ከበሮ ሲመታ እናቶች እልል ይላሉ፣ የሽማግሌው ትከሻ አርፎ አይቀመጥም። የመቐለ ሰው ግን እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ለሽፈራው «የዚህ አገር ሰው ጨዋ ነው፤ መዝሙሬን ቀጥ ብሎ በጥሞና ያዳምጣል» ብዬ ጻፍኩለት። በዚህ ስንት ዓመት ኮራሁ!

አንድ ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ከመሰላል ወድቄ ቀኝ እጄ ተሰበረ። ከዘማሪዎቹ ሁሉ ጆሮዋ የሚበልጠው ለምለም፣ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ከበሮውን ተረከበች።

«አቦይ ደምሴ፣ በትግርኛ የደረስናት አንዲት መዝሙር አለች። እሷን እንጨምር?»

«የእኔ ምን ጎደለው?»

«ምንም። አንዲት ብቻ።»

እጄ በጀሶ ታስሮ ምን እከለክላለሁ? ፈቀድኩ።

በበዓሉ ቀን ከበሮውን አንግታ መታችው። አመታቱን አላውቀውም፤ ሰውን ከጀርባ ገፍቶ የሚያስኬድ ነገር አለው። መጀመሪያ እልል ያሉት አደይ ለተብርሃን ናቸው፤ ድምፁን እንዳያሰማ ባሉት ከበሮ! ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸውን ይዘው ክብ ሠሩ፤ ግቢው በሙሉ መዞር ጀመረ። ቀጥ ብዬ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ጀሶው ከተፈታ በኋላም ወደ ልጆቹ አልተመለስኩም። መሣሪያዬን ሰብስቤ ሻንጣዬን አሰርኩ። አገሬ ልገባ ነው። በሦስተኛው እሑድ ለምለም ጓደኞቿን አስከትላ ከበሮውን ይዛ መጣች።

«ቆዳው ላላብን፤ የሚወጥርልን አጣን።»

«አናጺ ሞልቷል።»

«አቦይ፣ አኮረፉ እንዴ?»

«እኔ? በምን?»

«ታዲያ ሻንጣው ምንድን ነው?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳት።

«ቤታችን ድረስ እየመጡ አባቶቻችንን የለመኑልን እርስዎ ነዎት። ከበሮዎ አይጥመንም ብለን በየትኛው አፋችን እንንገርዎ?»

አደይ ለተብርሃን ከበራፉ ሆነው «እኔ ግን የመጣ ዕለት ነግሬዋለሁ!» አሉ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ሻንጣውን ፈትቼ መሣሪያዬን አወጣሁና ቆዳውን ወጠርኩት። ከዚያ ከበሮውን ለለምለም መልሼ «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። በዕድሜዬ ያስተማረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እሱም ቢሆን ቶሎ ገባኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዓመት ይፈጅበት ነበር።

ዛሬ መሪያቸው ለምለም ናት፤ እኔ በሠራሁት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሳተውን አርማለሁ። ባለፈው እሑድ ከአዳራሹ ሆኜ ለሽፈራው ደወልኩ።

«ስድስት ወሩ አላለቀም?» አለኝ።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ላሰማህ።» ስልኩን አግዳሚው ላይ አድርጌ እንደ ለምለም አመታት መታሁ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ዞሩ። ስጨርስ ስልኩን አነሳሁ። «ሰማህ?»

«ሰማሁ… ጥሩ ነው» አለ፣ በጨዋ ድምፅ። ያቺን ጨዋነት አወቅኋት። «የድሮዋን ግን አትመታልኝም?»

መታሁለት። እጄ አልረሳትም። ከደብረ ብርሃን የሽፈራው ሚስት እልልታ በስልኩ መጣ። ቀና ስል ልጆቼ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ቀጥ ብለው፣ በጥሞና ያዳምጡኛል።